ከበር የሰፋ ቁምሳጥን

አጸደ የሱሉልታውን ሁለተኛ ቤቷን እስከ ቀትር ባዶውን ልታስረክብ ቃል ገብታለች። ሶፋውም አልጋውም ሄዶላታል፤ ሟች ባሏ መኝታ ቤቱ ውስጥ ያሠራው ቁምሳጥን ግን በበሩ አልወጣ ብሎ አንጀቷን አሳርሯታል። ተሸካሚዎቹ እንኳ ሲያገላብጡት አርፍደው፣ "ይሄ አይሆንም እትዬ" ብለዋት ሄደዋል።

"ምን ዓይነት ሰው ነው ከበር የሚሰፋ ዕቃ የሚያሠራ!" እያለች ባዶውን ቁምሳጥን ጓ አድርጋ ዘጋችና ቆለፈችው።

ገዢው ኦቦ ዲሪርሳ ሳቁ። "ተይው ልጄ፣ እኔው እጠቀምበታለሁ።"

እፎይ ብላ የቤቱን ቁልፍ ሰጠቻቸውና ለአዲስ ባለቤት የሚባለውን አለቻቸው፦ "በሉ እንግዲህ፣ ቤት ለእምቦሳ!"

ሽማግሌው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከተቆለፈው ቁምሳጥን ውስጥ የባሏ ድምፅ ቀደማቸው።

"እምቦሳ እሰሪ፣ አጹ።"