መንገድ ዳር የቆመችው ማርያም

የሙዚየሙ አላርም ሲጮኽ የእናትየው ግንባር የሥዕሉን ፍሬም ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ሥዕሉ ላይ ለምለም ጫካ ውስጥ ሐር የለበሱ ወጣቶች ይሳሳቃሉ። ከመንገዱ ዳር፣ ትንሽ የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ ማርያም ቆማለች። ከወጣቶቹ አንድም ወደ እሷ የዞረ የለም። ይህ የእናትየውን አንጀት በላው። ደግሞስ እንዴት ሳትሳለማት ታልፋለች? ሻርፗን ወደ ፀጉሯ ሳብ አድርጋ፣ አማትባ ጎንበስ ያለችው ለዚህ ነበር።

"ማዳም፣ አይነካም!" ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

ለጉብኝት የመጡት የልጇ ክፍል ተማሪዎች ከወዲያ በኩል ዞር አሉ። አንዱ "ልትስመው ነበር እኮ!" ብሎ ሲስቅ ሌሎቹም ተከተሉት። ልጇ ግን አልሳቀችም። ጠዋት "ማሚ፣ ፕሊስ አትምጪ፤ ኢምባራስ ታደርጊኛለሽ" ብላት ነበር። እናትየው ግን ልጅቷ ከጓደኞቿ ተነጥላ ትጠፋብኛለች ብላ ስለሰጋች፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ከሚኖሩበት ከኦሮራ ከተማ በአውቶቡስ መጥታ፣ ከኋላ ከኋላ ስትከተላቸው ቆይታለች።

"ከእናንተ ጋር ናት?" ሲል ጥበቃው ተማሪዎቹን ጠየቀ።

"አናውቃትም" አሉ። ልጇ ብቻ አንገቷን ደፋች። ፊቷ ቀልቷል። ቀስ ብላ ቀና አለችና እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ለመናገር አፏን ከፈተች።

እናትየው ቀደመቻት።

"ኖ" አለች፤ ቀጥላም በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ አስተካክላ፣ "ብቻዬን ነው የመጣሁት።"

ልጇ ምን ልትል እንደነበር ሳትሰማ፣ ወደ መውጫው በር ሄደች።