የጳጉሜ አምስት ዝናብ

ጳጉሜ አምስት ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ቤዛዊት ሃያ ሁለት ሰፈር ባለው ቢሯቸው የሠራችውን የዝናብ ፕሮግራም ለሠላሳኛ ጊዜ ሞከረችው። መረጃውን የሚልክላት ባሕር ማዶ ያለው ሰርቨር አሁንም ዝም አላት። ዘመን ሳይለወጥ ሙከራው ካላለፈ ቢሮው ይዘጋል፤ እንጀራቸውም አብሮ ይዘጋል።

«ምነው አንድ ወር በተጨመረልን!» አለች።

ባልደረባዋ ገሰሰ ስክሪኑን አየና፣ «አንቺ፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነው እኮ ያስገባሽው! ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር ከየት ያመጣል?» አላት።

ልታርመው እጇን ስትዘረጋ ሰርቨሩ መለሰ።

«ቦሌ፦ 13ኛ ወር፣ ቀን 5፣ ዝናብ የለም። 14ኛ ወር፣ ቀን 1፣ ከባድ ዝናብ።»

«በቃ፣ ይሄ ነገር ለይቶለታል» ብሎ ሳቀ ገሰሰ። ነገ እንቁጣጣሽ መሆኑን ሊያሳያት የግድግዳውን ካላንደር የመጨረሻ ቅጠል ገለጠ።

ከጳጉሜ ሥር፣ «14ኛ ወር» የሚል፣ ሠላሳ ቀናት የተደረደሩበት አንድ ቅጠል ቀርቶ ነበር።