በግራ በኩል ያለው ወንበር

ጓንጉል ኢምባካሲ ውስጥ ሃያ ዓመት መኪና ጠግኗል፤ እንደ ፋንቱ ፒካፕ ያስቸገረው ግን የለም። ፋንቱ ሁርሊንግሃም ሰፈር ላሉ ምግብ ቤቶች አትክልት የምታደርስበት መኪና ነው፤ መሪው በቀኝ ስለሆነ በተሳፋሪው በኩል፣ ወደ ግራ ያጋድላል። ሾክ አብዞርበሮቹን በሙሉ ቀየረ፣ የፊት ሞላዎቹን ለወጠ፣ በሜትር እየለካ ግራና ቀኙን እኩል አደረገ። በማግስቱ መልሳ አመጣችው፤ ግራው አራት ጣት ወርዷል። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይመኑኝ፣ ባዶውን ነው የነዳሁት። ብቻዬን ነበርኩ» አለችው።

«አንቺ እዚህ ቆዪ፤ እስቲ እኔ ልሞክረው» አለና ይዞት ወጣ።

ዋናው መንገድ ላይ እንደ ገባ መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሰመጠ። ወዲያው የቀበቶ ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር፤ ተሳፋሪው ቀበቶ አላሰረም ማለቱ ነው። ጓንጉል ዞሮ ባዶውን ወንበር አየ። ከኋላው ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ጡሩምባውን ያንባርቅበታል፤ ዳር መያዣ የለም። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ «በስመ አብ» ከማለት በቀር የሚያደርገው ጠፋው።

ከጎኑ ቀበቶው ቀስ ብሎ ሲሳብ ሰማ። ቀጭ ብሎ ተቆለፈና ጩኸቱ ቆመ።