ቦንቱ የመረጠችው መኪና

«በኪራይ መኪና ካልሆነ ዶርዜን በፎቶ እያት» አለ ዘርአብሩክ።

ሚስቱ ቦንቱ ሻንጣ እየዘጋች ነበር... ቀና እንኳ አላለችም።

«እኔ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው ጋ ነኝ። አንተ ኪራይህን ይዘህ ብቻህን ውጣ።»

በዚህ ጉዳይ ሴቻ ያለው ግቢያቸው ሳምንቱን ሙሉ ታመሰ።

የሁለት ቀን ሽርሽር ነው እኮ...

የአርባ ምንጭ ሙቀት ቢያንገበግባቸው ተራራው ላይ ወጥተው ቀዝቀዝ ሊሉ። ሎጅ ተይዟል፣ ጋቢው ታጥፏል።

የቀረው መኪናው ብቻ ነው።

ጎረቤት እንደሆነ አጥር ለአጥር መፍረድ ይወዳል። «ቆንቋና ናት፣ ሽርሽሩንም በቅናሽ ነው የምትፈልገው» ተባለላት።

የዘርአብሩክን ልብ ግን ማንም አላየም...

ዶርዜ የተወለደበት ነው። እናቱ እማማ ሻሺቱ እዚያ ናቸው። ታላቅ ወንድሙ ጌታነህም እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራል።

ከጌታነህ ጋር ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

አባታቸው የሞቱ ቀን ዘርአብሩክ ከሥራ ቦታው ዘግይቶ ደረሰ። ጌታነህ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «እንግዳ መጥቷል፣ ወንበር ስጡት» አለ።

ቤተሰብ መሬት ላይ በተቀመጠበት ለቅሶ... ወንበር!

ከዚያ ወዲህ ዘርአብሩክ የእናቱን ደጅ አልረገጠም። ልጃቸው ሲናፍቃቸው እናትየው ናቸው በዚያ ጉልበታቸው በገበያ ቀን ቁልቁል የሚወርዱት።

ቦንቱ የአምቦ ልጅ ናት፤ ለትምህርት መጥታ እዚሁ የአገሩ ሰው ሆና የቀረች። አግብታ ሁለት ዓመት ሲሞላት የባሏን እናት ቤት በር አታውቀውም። ይሄ ነገር ውስጧን በላት።

ጌታነህ ደግሞ በዚያው በዶርዜ መስመር ሚኒባስ ይነዳል።

አሁን ገባችሁ? ዘርአብሩክ መስታወቱ የጠቆረ መኪና የፈለገው ለዚህ ነው። ሳይታይ ወጥቶ፣ ሎጅ አድሮ፣ ሳይታይ ሊወርድ...

«ቅዳሜ የእሱ ተራ አይደለም፤ ተራ አስከባሪውን ጠይቄያለሁ» አለችው ቦንቱ።

አላመናትም። ራሱ ደውሎ አጣራ...

እውነቷን ነበር። የጌታነህ ስም ተራው ውስጥ የለም።

እሺ አለ።

ቅዳሜ ሲደርሱ ሚኒባሷ ሞልታለች። ከገበያ የሚመለሱ አባቶች ናቸው... ጋቢ፣ ከዘራ፣ ሳል። የቀረው የኋላው ወንበር ብቻ ነው። ቦንቱ ባሏን መስኮቱ ጋ ሸጉጣ ከጎኑ ተቀመጠች። መውጫው ላይ ደግሞ አንዱ ሸማኔ ጥጥ የሞላበት ማዳበሪያ ቆለለበት።

በሩ ተዘጋ።

ያኔ ሹፌሩ ከሻይ ቤት እየሮጠ መጥቶ ገባ...

ዘርአብሩክ ማጅራቱን አወቀው።

«ቦንቱ... አውርጂኝ።»

«በየት በኩል? ማዳበሪያውን ዘለህ?»

እንዳይጮህ አፈረ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ሳበው።

አስፋልቱ አለቀ። ዳገቱ ጀመረ። ሐይቆቹ ወደ ታች ራቁ፣ ቅዝቃዜው ገባ...

አንዱ ጥምዝ ላይ ጌታነህ ወደ ኋላ ለማየት መስታወቱን ቀና አደረገ።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ሚኒባሷ ቀጥ አለች።

«የኋላው ሰውዬ ይውረድ። አለዚያ እኔ አልነዳም» አለ ጌታነህ ለረዳቱ። ስሙን እንኳ አልጠራም።

ዘርአብሩክም ወራጅ ነኝ ብሎ ተነሣ፤ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ አለ።

የሚገርመው ግን... አንድም ተሳፋሪ አላጉረመረመም።

ጋቢና የተቀመጡት አባባ ወልደ ሚካኤል ቀስ ብለው ወረዱ። ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጩ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

ከዚያ ሁሉም ሣራቸውን እንደያዙ ሚኒባሷ ፊት ተንበረከኩ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጋሞ ውስጥ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ የተቆጣ ሁሉ እዚያው ይቆማል። እነሱን አልፎ መሄድ ጎሜ ነው... ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነውር።

ጌታነህ መሪውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ።

«እናንተ እኮ ሰው ልታስታርቁ ነው የተሳፈራችሁት። ኮንትራቱ የሽምግልና ነው ተብያለሁ» አለ ግራ ገብቶት።

«አዎ ልጄ» አሉት አባባ ወልደ ሚካኤል። «ደርሰናል።»

ለካ የሕዝብ መኪና አልነበረም...

ቦንቱ ራሷ ናት በረዳቱ በኩል ሚኒባሷን ሙሉዋን የተከራየችው። የጌታነህ ስም ከተራው የጠፋው ለዚህ ነው። እነዚያን አባቶች ደግሞ በየገበያው ቀን አንድ በአንድ ስትለምን ሦስት ወር ፈጅቶባታል። ለማንም አልነገረች፤ ቆንቋና ስትባልም ዝም ብላ ሰምታለች።

ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ የኪራይ መኪና አልክ... እኔም ተከራየሁ።»

ዘርአብሩክ ማዳበሪያውን እንደምንም ተሻግሮ ወረደ። ታናሽ ነውና የወንድሙን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ጌታነህ ትከሻውን ያዘው።

«በአባዬ ቀን ክፉ ተናገርኩህ» አለው።

«እኔም ዘግይቻለሁ» አለ ዘርአብሩክ።

ሎጁ ያን ቀን እንግዳ ጠብቆ ቀረ...

አመሻሹ ላይ የእማማ ሻሺቱ በር ተንኳኳ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«ሁለታችንም ነን፣ እማዬ።»

ወገኖቼ... ኩርፊያ በጊዜ ብዛት አይለቅም፣ ይደርቃል እንጂ። የሚያስለቅቀው ቆርጦ የሚነሣ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው የሥጋ ዘመድ ላይሆን ይችላል፣ ምራትም ይሆናል።

ሰፈራችን ግን እስካሁን ለሁለት ተከፍሎ እየተከራከረ ነው። ግማሹ «ባሏን አታላለች» ይላል፣ ግማሹ «እንዲህ ያለችውን ምራት ለሁሉም ይስጥ» ይላል።

እናንተስ የማን ወገን ናችሁ? በቦንቱ ቦታ ብትሆኑ ባላችሁን ሳታስፈቅዱ ይህን ታደርጉት ነበር?