ታባር እና ቶፖር

ሩሲያዊው አናጢ ኤርሞላይ፣ ልጁን ኡሊያናን ለማጨት ከኢራን ለመጣው ወጣት ጀርባውን ሰጥቶ እንጨት ይፈልጥ ነበር። "ቋንቋችንን እንኳ የማያውቅ፣ ምኑን አማች ሆነው!" እያለ ያጉረመርማል። ወጣቱ ባርዲያ ግን ፈራ ተባ እያለ ቀረበና ወደ መጥረቢያው አመልክቶ፣ "ታባር" አለ።

ሽማግሌው የሰነዘረው እጁ አየር ላይ ቀረ። "ምን አልክ? ቶፖር ነው እንጂ!"

"እነሱ መጥረቢያን ታባር ነው የሚሉት፣ አባዬ" አለች ቋንቋ የምታጠናው ልጁ እየሳቀች። "የእኛም ቶፖር የሚለው ቃል ድሮ ከእነሱ ወገን የመጣ ነው ይባላል።"

"ታባር... ቶፖር..." ኤርሞላይ ሁለቱን ቃላት ደጋግሞ አላመጣቸው። "ታዲያ ቃሉን በቤታችን አሳድገን፣ ባለቤቱን ውጣ ልንለው ነው?" ሳቁ አመለጠው። መጥረቢያውን ለወጣቱ አስጨበጠና ወደ ማድ ቤቱ መስኮት ለሚስቱ ጮኸ፤ "አንቺ ሴትዮ፣ ለአማችሽ ሰሃን ጨምሪ!"