ብረት የሚበላ እጅ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴም ቢሆን። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ የተቀጠርኩት ውድ የእጅ መሣሪያ በሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። መሮ፣ መላጊያ፣ መጋዝ። ገዢዎቻችን እንጨት ሊልጉበት ሳይሆን ጌጥ ሊያደርጉት የሚገዙ ይመስል በአጉሊ መነጽር የሚያዩ ሰዎች ናቸው። የእኔ ሥራ ከእነሱ ቀድሞ ማየት ነው። የእጀታው እንጨት መስመር ቢጣመም ተፈጥሮው ነው፣ ይለፍ። ቫርኒሹ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ካለች ግን፣ እንደ ጓደኞቹ ቢቆርጥም ወደ ሁለተኛ ደረጃ መደርደሪያ ይወርዳል።

ቀኑን ሙሉ ነጭ ጓንት አጠልቃለሁ። የመላጊያውን የታች ገጽ ስፈትሽ ብቻ የቀኝ እጄን ጓንት አወልቃለሁ፤ ዓይን ያላየውን ጉብታ ጣት ያገኘዋልና።

ጥንቃቄ ከቤት ይዤው የመጣሁት ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። መቀሷን በዘይት ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፤ እኔን ልጇን እንኳ አታስነካኝም።

እንግዲህ እኔን የመሰለችው አጠገብ "እርጥቡ" መጥቶ ተቀጠረ። ብረት ወልዋይ ነው። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። መዳፉ ያለ ማቋረጥ ያልበዋል፤ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ሲያነሳው ውሃ ይቀራል። አክታውን የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ይተፋል፣ ቆርቆሮውን የሚደፋው ደግሞ ሲሞላ ነው። በአንድ ግራጫ ጨርቅ ብረት ይወለውልበታል፣ አንገቱን ይጠርግበታል፣ ይናፈጥበታል። ሲሠራ የጎማ ጓንት አይለየውም፤ ሲያወልቀው ላቡ ከውስጡ ይንጠባጠባል። እሱ የወለወለውን መላጊያ ስቀበል ትንፋሼን ይዤ ነው።

በመጣ ሰሞን "የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ።

"ከድልድዩ ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ ልጅ። አባቴ ሳልወለድ ነው የሞተው።"

በዚያው ግራጫ ጨርቅ ፊቱን ጠረገ፣ ተናፈጠበት፣ ዞሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። "እንዴት አደርሽ፣ ልጄ?" ብሎ እጁን ይዘረጋል። እኔ ክርኔን እሰጠዋለሁ።

"ምነው እመቤቲቱ፣ ቀዶ ጥገና ልትገቢ ነው እንዴ?" ይለኛል አናጢው። ሁሉም ይስቃሉ። እርጥቡም አብሮ ይስቃል፣ ከዚያ ያስለዋል፣ ከዚያ ወደ ቆርቆሮው።

አንድ ቀን ዕቃ ተመለሰብን። ገዢው ሣጥኑን ሲከፍት አዲሱ መላጊያ የታች ገጽ ላይ ቡናማ የጣት አሻራ አገኘ። ዝገት። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ተመለሰ። ከዚያም ሌላ።

አለቃችን ሰበሰበን። "አባቴ ሲናገር እሰማ ነበር። ላቡ ብረት የሚበላ ሰው አለ። በዘር ነው፤ ከሺህ አንድ ቢገኝ ነው። ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እዚህ አላቆየውም።"

ሁሉም ወደ እርጥቡ ዞረ።

"እሱ እኮ ጓንት አለው" አለ አናጢው።

"ደብቆ ያወልቀዋል" አልኩ። አይቼው ግን አላውቅም።

ማታ ለእናቴ አወራኋት። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ግራጫው ጨርቅ፣ "ልጄ" ሲለኝ እንዴት እንደሚያቅለሸልሸኝ። "ሊባረር ነው፤ እፎይ!" አልኳት።

የስፌት መኪናዋ ቆመ። "ትልቅ ሰው ነው?"

"አንቺን ያህላል። ምነው እማ?"

"ምንም። ተይው፣ ልጄ። እጁን መርጦ የተወለደ ሰው የለም።" መኪናዋን ማሽከርከር ቀጠለች።

በሚቀጥለው ቀን ሥራ ሲያበቃ አለቃችን አንድ የተወለወለ ጠፍጣፋ ብረት ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ሁላችንም በባዶ አውራ ጣት ልንጫነው ነው። እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ያድራል፤ ብረት የሚበላው እጅ ሲነጋ ይታያል።

እርጥቡ ተነሳ። "ምን አለፋችሁ? እኔ ነኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ልሂድ።"

"በዓይኔ ሳላይ ሰው አላባርርም" አለ አለቃችን። "ና ተጫን።"

ተጫነ። አናጢው ቀጠለ፤ ሞራጁና ዕቃ አሻጊዋም ተከተሉት። አለቃችን ከየአሻራው በላይ የማን እንደሆነ በጠመኔ ጻፈ። ተራዬ ሲደርስ እርጥቡ ክንዴን ያዘኝ። በዚያ መዳፍ። ቀዝቃዛ፣ የሚያጣብቅ።

"እሷን ተዋት! እሷ ፈታሽ ናት፣ ምን አገባት?"

መንጭቄ አስለቀቅኩት። "ምኔ ነህና ነው የምትነካኝ?" አልኩት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

መሬት መሬት አየ።

ጓንቴን አውልቄ፣ እሱ ከተወው እርጥብ ምልክት ራቅ ብዬ አውራ ጣቴን ተጫንኩ። ከዚያ ወጥቼ የያዘኝን ክንዴን ቆዳዬ እስኪቀላ በሳሙና ፈተግኩት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሲባረር እንዳያመልጠኝ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ጨርቁን ገለጥኩት። የአናጢው ቦታ እንደ መስተዋት ያበራል። የሞራጁም፣ የአሻጊዋም። የእርጥቡ ዝጓል።

የእኔም።

ግራጫውን ጨርቅ ከተሰቀለበት አወረድኩ፣ ሁለቱንም አሻራዎች እስኪጠፉ ወለወልኩ፤ ከዚያ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩትና ባዶ እጄን ዘረጋሁለት።