የእህቴ እራት

በእኛ ዘመን የሞተ ሰው አይቀበርም። እንደ ጥንት ግብፆች በጨው ደርቆ፣ በበፍታ ተጠቅልሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ነፍሱ ማታ ማታ እየመጣች ትበላለች። ይኸው ሟቿ እህቴ ትርሲት የምተኛበትን ሶፋ ይዛ ተንጋላለች። እማዬ ደግሞ የዶሮውን ፈረሰኛ ለእሷ አቀረበች።

«በቁሟ ዶሮ መች ትወድ ነበር?» አልኳት።

«ዝም በይ አንቺ ምላሳም! ትሰማሻለች።»

«እኔንስ ማን ይስማኝ?»

እማዬ ጋቢዋን አውልቃ ትርሲትን አለበሰቻት። ቅናት አንገበገበኝ። እማዬ ጓዳ ስትገባ ከእህቴ ጎን ተጋደምኩና እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ውይ ልጄን! ተነሺ! የኔ እናት፣ ተነሺ!» እማዬ እየጮኸች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ትርሲት ከሞተች ወዲህ አቅፋኝ አታውቅም። ዓይኔን ቶሎ አልገለጥኩም።